ስርዝ ድልዝ የሌለበት ዝርዝር

የሰፈራችንን ዕድር መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ማዛወር የጀመርኩት፣ ለብዙ ዓመታት ጸሐፊ ሆነው ያገለገሉት አዛውንት ዓይናቸው ደክሞ ሥራውን ለወጣት እንዲያስረክቡ በተወሰነ ጊዜ ነው። ጠንካራ ሽፋን ያለውን ትልቁን መዝገብ ሲሰጡኝ የነገሩኝ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነበር። «ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ስርዝ ድልዝ አይገባም። ተሳስተህ ብትጽፍ የተሳሳትከው እንዳለ ይቆይ፤ እርማቱን ከሥሩ አስፍርና ፈርምበት። ነገ የሚጠይቅ ሰው ሁለቱንም ማየት አለበት» አሉኝ። ያን ጊዜ ምክራቸውን የተቀበልኩት የሒሳብ አያያዝ ሥርዓት ነው ብዬ ነበር። ከዝርዝር ውስጥ አንድን ነገር መርጦ በሌላ መተካት ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ሲተካስ የቀድሞው የት እንደሚደርስ አጥብቄ እንድጠይቅ ያደረገኝ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተማርኩት ጄ የሚባል የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው።

ከዚያ በፊት የማውቀው ፓይዘን የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነበር። በፓይዘን ዝርዝር ውስጥ የአንድን ቦታ ዋጋ ለመቀየር የምንሰጠው ትእዛዝ ወደ ዝርዝሩ ገብቶ በቦታው የነበረውን ይፍቅና አዲሱን ያሰፍራል፤ ከዚያ በኋላ የቀድሞው ዝርዝር የለም። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ብዙ ጥሩ ሥራ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በአንድ ወር መዝጊያ ላይ ግን የመዋጮውን ዝርዝር ከማረሜ በፊት የቀድሞውን ላስቀምጥ ብዬ ለዝርዝሩ ሌላ ስም ሰጠሁትና ማረም ጀመርኩ። ስጨርስ ሁለቱን ባመሳክር ከላይ እስከ ታች አንድ ሆነው አገኘኋቸው። ሌላ ስም መስጠት ሌላ ቅጂ መሥራት እንዳልሆነ፣ ሁለቱም ስሞች የሚጠሩት ያንኑ አንድ ዝርዝር እንደሆነ የገባኝ የዚያን ዕለት ነው። አዛውንቱ የከለከሉኝን ፍቆ መጻፍ ሳላውቀው በማሽን ፈጽሜው ነበር፤ የዚያን ወር የቀድሞ አሃዝ ከወረቀቱ መዝገብ ላይ እንደገና እየለቀምኩ ለመመለስ ሁለት ምሽት ፈጅቶብኛል።

ጄ የአሬይ ቋንቋዎች ከሚባሉት ወገን ነው። አሬይ በሥርዓት የተደረደሩ ዋጋዎች ስብስብ ነው፤ አንድ ረድፍ ብቻ ሲሆን ዝርዝር፣ ረድፍና ዓምድ ሲኖረው ሠንጠረዥ እንለዋለን። የእነዚህ ቋንቋዎች መነሻ እ.ኤ.አ. በ1920 በካናዳ አልበርታ ግዛት የተወለደው ኬነዝ አይቨርሰን ነው። አይቨርሰን ሃርቫርድ ሲያስተምር የስሌት ሂደቶችን አሳጥሮና አጥርቶ የሚጽፍበት የራሱን የምልክት አጻጻፍ ፈጠረ፤ እ.ኤ.አ. በ1962 በመጽሐፍ አሳተመው፤ ቆይቶም በአይቢኤም ኩባንያ ከባልደረቦቹ ጋር ኤፒኤል የተባለውን፣ በማሽን ላይ በእርግጥ የሚሠራውን ቋንቋ አወጣበት። እ.ኤ.አ. በ1979 በኮምፒውተር ሳይንስ የሚሰጠውን የቱሪንግ ሽልማት ሲቀበል ያደረገው ንግግር፣ የምንጽፍበት ምልክት የምናስብበት መሣሪያም ነው የሚለውን ሐሳብ ከርእሱ ጀምሮ የያዘ ነበር። ጄን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ከሮጀር ሁዊ ጋር ሆኖ አቀረበ። ኤፒኤል ልዩ ልዩ ምልክቶች ስላሉት የራሱ የቁልፍ ሰሌዳ አቀማመጥ ያስፈልገዋል፤ ጄ ግን በማንኛውም የቁልፍ ሰሌዳ ላይ በሚገኙት ምልክቶች ይጻፋል።

በጄ መምረጥ የሚጻፈው በተከፈተ ጠምዛዛ ቅንፍ ነው።

2 { 10 20 30 40 50
30

የመጀመሪያው መስመር ጥያቄ፣ ሁለተኛው መልስ ነው። በቋንቋው መዝገበ ቃላት የዚህ ምልክት ስም ትርጉሙ «ከ» ነው፤ ከዝርዝሩ ቦታ 2 ላይ ያለውን ስጠኝ እንደማለት። 30 በእኛ አቆጣጠር ሦስተኛ ሆኖ ሳለ በ2 መጠራቱ መጀመሪያ ላይ ብዙ አስቸግሮኛል። የግዕዝ ቁጥሮች ዜሮ የላቸውም፤ እኛም ተራ ስንቆጥር ከአንድ እንጂ ከምንም አንነሣም። ኤፒኤል ቆጠራው ከ0 ወይም ከ1 እንዲጀምር ተጠቃሚውን ያስመርጠዋል፤ ጄ ግን ሁልጊዜ ከ0 ይነሣል። የረጋሁት ቁጥሩን እንደ ተራ ማየት ትቼ እንደ ርቀት ማየት ስጀምር ነው። ከቅያሱ መግቢያ ላይ ቆሜ የመጀመሪያው ቤት ስንት ቤት አልፌ የምደርስበት ነው ብባል መልሱ ዜሮ ነው፤ ሦስተኛው ቤት ለመድረስ ደግሞ ሁለት ቤት አልፋለሁ። ከመጨረሻው ወደ ኋላ መቁጠርም ይቻላል፤ በጄ የኔጌቲቭ ምልክት ከታች የሚሰመረው መስመር ስለሆነ የመጨረሻው ቦታ እንዲህ ይጻፋል።

_1 { 10 20 30 40 50
50

የምንመርጠው አንድ ብቻ መሆን የለበትም። በግራ በኩል የቦታ ቁጥሮችን ዝርዝር ብንሰጥ በሰጠነው ቅደም ተከተል፣ ደግመን ከጠራንም ደግሞ ያወጣልናል።

4 0 0 { 10 20 30 40 50
50 10 10

እዚህ ላይ ቀላል የሚመስል ትልቅ ነገር አለ። በሌሎች ቋንቋዎች ከዝርዝር ውስጥ ሦስት ነገሮችን ለማውጣት ሉፕ እንጽፋለን፤ ይህን አንሣ፣ ቀጥሎ ያንን አንሣ፣ አስቀምጥ፣ ድገም እንላለን። እዚህ ግን «የትኞቹ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ዝርዝር ሆኖ፣ ቁጥር ሆኖ በእጃችን አለ። ልናስቀምጠው፣ ልንደምረው፣ ልናስተካክለው፣ ለሌላ ሥራ መልሰን ልንጠቀምበት እንችላለን። በኤፒኤል መምረጫው ማዕዘናዊ ቅንፍ ስለነበረ ከሌሎቹ ፈንክሽኖች፣ ማለትም ዋጋ ተቀብለው ውጤት ከሚመልሱት ሥራዎች፣ የተለየ የራሱ አጻጻፍ ነበረው፤ በጄ መምረጥ እንደ መደመርና እንደ ማባዛት ያለ አንድ ፈንክሽን ሆነ፤ ስለዚህም ከሌሎች ፈንክሽኖች ጋር ይገጣጠማል። እኔ ይህን ከጄ ውሳኔዎች ሁሉ አስቀድመዋለሁ።

መተካት የሚጻፈው በተዘጋው ጠምዛዛ ቅንፍ ነው፤ ሁለቱ ቅንፎች ፊት ለፊት እንደሚተያዩ ሁሉ ሁለቱ ሥራዎችም ይተያያሉ።

99 (2}) 10 20 30 40 50
10 20 99 40 50

2ን ከነምልክቱ በቅንፍ ያጠርኩት በምክንያት ነው። ጄ ጎን ለጎን የተጻፉ ቁጥሮችን ሁሉ አንድ ዝርዝር አድርጎ ያነባል፤ ቅንፉ ባይኖር 99 እና 2 ተጣብቀው ሁለት የቦታ ቁጥሮች ይሆኑና ጥያቄው ሌላ ትርጉም ይይዛል። ጀማሪ የሚሰናከልበት የመጀመሪያው ደረጃ ይህ ነው፤ እኔም ተሰናክዬበታለሁ።

ጄ መስመርን የሚያሰላው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ይህ ለብዙዎች እንግዳ ይሆንባቸዋል። አንድ ቀን ግን ከላይ ያለውን መስመር ድምፄን አሰምቼ ከቀኝ ወደ ግራ ሳነበው፣ «ከ10 20 30 40 50 ውስጥ፣ ቦታ 2ን፣ በ99» የሚል ዓረፍተ ነገር ከአፌ ወጣ። የቀረው «ተካ» የሚለው ግስ ብቻ ነው። ዝርዝሩ ይቀድማል፣ ቦታው ይከተላል፣ መተኪያው ይመጣል፤ በአማርኛ አንድን ልጅ «ከመደርደሪያው ላይ ሦስተኛውን መጽሐፍ በዚህኛው ተካ» ብለን የምናዘውም በዚሁ ተራ ነው። አይቨርሰን ስለ አማርኛ አስቦ እንዳልሠራው ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ከግራ ወደ ቀኝ በማንበብ የታገልኩት ቋንቋ በራሴ ቋንቋ ተራ ሲነበብ ቀለለኝ።

የዚህ መስመር ውጤት አዲስ ዝርዝር ነው። በስም የያዝነው ዝርዝር ቢሆን ኖሮ ያ ስም አሁንም የሚጠራው 30ን የያዘውን የቀድሞውን ነው፤ 99 ያለበትን ለማቆየት ከፈለግን ለእርሱ ስም መስጠት የእኛ ፈንታ ነው። በወረቀቱ መዝገብ እርማት ከሥር የሚሰፍረው እንደዚሁ ነው። ለአንድ ቁጥር ብሎ ሚሊዮን ቦታ ያለውን ዝርዝር እንደገና መገልበጥ ብክነት አይደለም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ውጤቱን መልሰን ለዚያው ስም ስንሰጥ ጄ ይህን አውቆ፣ ዝርዝሩን ሌላ የሚጠቀምበት ከሌለ፣ ሳይገለብጥ እዚያው ያርመዋል። በፍጥነት በኩል የተፋቀ ቢሆንም በትርጉም በኩል ግን ሁልጊዜ አዲስ ዝርዝር ነው፤ የቀድሞውን የያዘ ሌላ ስም ካለ አይነካበትም።

እስካሁን የቦታ ቁጥሮቹን እኛው እናውቃቸው ነበር። በእውነተኛው መዝገብ ላይ ግን የሚታወቀው ቦታው ሳይሆን ጠባዩ ነው፤ መዋጮውን ያላሟሉት እነማን ናቸው? የወሩ መዋጮ 100 ብር ነው እንበል፤ አምስት አባላት የከፈሉትም ከምልክቱ በስተቀኝ ያለው ነው።

100 > 100 0 100 50 100
0 1 0 1 0

ንጽጽሩ ለእያንዳንዱ አባል 1 ወይም 0 ይመልሳል፤ 1 ማለት አላሟላም ነው። ይህን ዝርዝር ወንፊት ብዬ እጠራዋለሁ። ወንፊቱን በመዝገቡ ላይ ስናውለው የሚፈለጉት ብቻ ያልፋሉ።

0 1 0 1 0 # 100 0 100 50 100
0 50

እውነትና ሐሰትን ቁጥር ማድረግ ከአይቨርሰን የመጣ ልማድ ነው፤ የሒሳብ ሊቃውንትም ተቀብለውት በስሙ ይጠሩታል። ጥቅሙ ወዲያው ይታያል፤ ወንፊቱን ብንደምረው 2 ይወጣል፣ እርሱም ያላሟሉት አባላት ብዛት ነው። ከወንፊቱ ላይ የ1ዎቹን ቦታ የሚያወጣ ፈንክሽንም ስላለ ከወንፊት ወደ ቦታ ቁጥር፣ ከቦታ ቁጥርም ወደ ወንፊት መመላለስ ይቻላል።

አሁን በጄ ካገኘሁት ሁሉ አብልጬ ወደምወደው መስመር ደረስኩ። ሁለቱ አባላት በማግስቱ ደረሰኝ ይዘው መጡ፤ አንዱ 60 ብር፣ ሌላው 90 ብር ከፍለው ኖሯል፤ ስለዚህ የቀድሞውን ረድፍና የእርማቱን ረድፍ ከላይና ከታች ደርድሬ ወንፊቱን ከፊታቸው አስቀምጣለሁ።

0 1 0 1 0} 100 0 100 50 100 ,: 0 60 0 90 0
100 60 100 90 100

መካከል ላይ ያለው ምልክት ሁለቱን ረድፎች አንዱን ከአንዱ በላይ ያኖራቸዋል፤ የቀድሞው ረድፍ 0፣ የእርማቱ ረድፍ 1 ይሆናሉ። ወንፊቱ ደግሞ በየቦታው «እዚህ ላይ ከየትኛው ረድፍ ልውሰድ?» ለሚለው መልስ ይሰጣል። 0 ባለበት ከቀድሞው፣ 1 ባለበት ከእርማቱ። ምልክቱ የመተካት ምልክት ነው፤ የሠራው ሥራ ግን መምረጥ ነው። እዚህ መስመር ላይ ብዙ ቆየሁበት። መተካት ስንል የምናስበው አንድን ነገር ማውጣትና ሌላ ማስገባት ነው፤ ነገር ግን የቀድሞውንና አዲሱን ሁለቱንም በእጃችን ከያዝናቸው የሚቀረን ሥራ በየቦታው አንዱን መምረጥ ብቻ ነው። የሚጠፋ ነገር የለም። ሁለቱ ረድፎች ከእነ ወንፊቱ ከተቀመጡ ማን፣ የት፣ ከምን ወደ ምን እንደታረመ በኋላ የሚመጣ ሰው ያነበዋል።

ሐሳቡ የጄ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት ወደ ኋላ ሄጄ ሳነብ ነው። አይቨርሰን እ.ኤ.አ. በ1962 በታተመው መጽሐፍ ሁለት ዝርዝሮችን በአንድ ወንፊት የሚያዋሕድ ሥራ አስቀምጧል፤ የገለጸውም እንዴት እንደሚሠራ በመናገር ሳይሆን ውጤቱ ሲመረጥ ምን መሆን እንዳለበት በመናገር ነው። ከውጤቱ የ0ዎቹን ቦታዎች ብትመርጥ የመጀመሪያውን ዝርዝር የ0 ቦታዎች ታገኛለህ፤ የ1ዎቹን ብትመርጥ የሁለተኛውን ዝርዝር የ1 ቦታዎች ታገኛለህ ይላል ትርጓሜው። መተካት በመምረጥ ይተረጎማል ማለት ነው። በኋላ የመጡት የዚሁ ወገን ቋንቋዎችም በየመንገዳቸው ወደዚሁ ተመልሰዋል። ዳያሎግ የተባለው የኤፒኤል ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው 16ኛ እትም፣ ቦታዎቹንና በቦታዎቹ ላይ የሚሠራውን ሥራ ለይቶ የሚቀበል ምልክት ጨመረ። ማርሻል ሎክባም እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ቢኪውኤን የተባለ ቋንቋ ደግሞ አንድ እርምጃ ቀጠለ፤ የትኛውንም የመምረጫ ፈንክሽን ስጠኝና የተመረጡትን ብቻ ቀይሬ፣ የቀሩትን ሳልነካ፣ ሙሉውን ዝርዝር እመልስልሃለሁ ይላል። እዚያ የመጀመሪያዎቹን ሦስት መምረጥ፣ የሠንጠረዡን ሰያፍ መስመር መምረጥ፣ በወንፊት መምረጥ፣ ሁሉም ያለ ተጨማሪ አጻጻፍ ወደ መተካት ይለወጣሉ።

ወደ መዝገቡ ልመለስ። የአባላት ስም ፍለጋ ላይ የገጠመኝን ችግር አማርኛ የሚጽፍ ሁሉ ያውቀዋል። አንዲት እናት በአንዱ ገጽ ላይ «ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሀይ» ተብለው ተጽፈዋል፤ ለማሽኑ ሁለት ሰዎች ናቸው። መፍትሔው ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያመጣ ቅጂ ማዘጋጀት ነው፤ የተጻፈውን ስም መንካት የለብንም፣ የሰው ስም ነውና። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሠራው «ሐን በሀ ተካ፣ ቀጥሎ ኀን በሀ ተካ» እያሉ ጽሑፉን ደጋግሞ በማበጠር ነው። በአሬይ አስተሳሰብ ግን ጽሑፉን አንነካም፤ የምናርመው ፊደል ገበታውን ነው።

ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ሥርዓት የግዕዝ ፊደላት ዋናው መደብ ከ4608 እስከ 4991 ያሉትን 384 ቁጥሮች ይይዛል። ከ0 እስከ 4991 ያሉትን ቁጥሮች በተራ የያዘ 4992 ቦታ ያለው ዝርዝር እናዘጋጅ፤ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ያለው ዋጋ የራሱ የቦታው ቁጥር ነው። ከዚህ ዝርዝር በጽሑፋችን ኮዶች ብንመርጥ የምናገኘው ያንኑ ጽሑፍ ነው። አሁን ጥቂት ቦታዎችን እንተካ፤ ሐ ከነሰባት ቤቱ ከ4624 እስከ 4630 ስለሚገኝ በእነዚህ ቦታዎች ላይ የሀን ከ4608 እስከ 4614 እናስቀምጥ፤ ኀ የሚጀምርበትን 4736ንም ወደዚያው እንምራ። ከ4640 የሚጀምረውን ሠ ወደ 4656ቱ ሰ፣ ከ4816 የሚጀምረውን ዐ ወደ 4768ቱ አ፣ ከ4928 የሚጀምረውን ፀ ወደ 4920ው ጸ እናድርግ። አምስት ፊደል በሰባት ቤት፣ በጠቅላላው 35 ቦታ ታርሟል። ከዚህ በኋላ «ፀሐይ» ማለት 4928 4624 4845 ነው፤ በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ከገበታው ስንመርጥ 4920 4608 4845 ይወጣል፣ ይህም «ጸሀይ» ነው። ክፍት ቦታዎችና የላቲን ቁጥሮች በገበታው መጀመሪያ አካባቢ የራሳቸውን ዋጋ እንደያዙ ስለሆኑ ሳይነኩ ያልፋሉ። የሺህ ሰው ስም ቢሆን መተካቱ የሚፈጸመው በአንድ የመምረጥ ትእዛዝ ነው፤ የስሞቹ ዝርዝርም እንደተጻፈ ይኖራል።

ስለ ሠንጠረዥ በአጭሩ ላንሣ። ዓመታዊው መዝገብ አባላትን በረድፍ፣ ወራትን በዓምድ የያዘ ሠንጠረዥ ነው። በጄ 1 2 ብሎ መምረጥ ረድፍ 1ን እና ረድፍ 2ን ሙሉ በሙሉ መምረጥ ነው፤ በረድፍ 1 እና በዓምድ 2 መገናኛ ያለውን አንድ ቤት ለመምረጥ ሁለቱን ቁጥሮች (<1 2) ብሎ በአንድ ሳጥን ማሸግ ያስፈልጋል። ይህን ሳልለይ የአንድ አባል የአንድ ወር መዋጮ ሳርም የሁለት አባላትን የዓመት መዋጮ በሙሉ 150 አድርጌው አየሁ። ደነገጥኩ፤ ግን የቀድሞው ሠንጠረዥ በስሙ እንዳለ ስለነበር የጠፋ ነገር አልነበረም።

የጠፋ ነገር የነበረው በሌላ ቀን ነው፤ ይህንን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው፣ በአሬይ ቋንቋ የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ስለሚያገኘው። አምስት አባላት ባሉበት ባዶ ዝርዝር ላይ የዕለቱን ክፍያ ላስገባ እንበል። የከፈሉት በቦታ 3፣ 1፣ 3 እና 4 ያሉት ናቸው፤ ቦታ 3 ላይ ያሉት አባል የዚህን ወርና ያለፈውን ወር ውዝፍ በሁለት ደረሰኝ ከፍለዋል።

100 100 100 50 (3 1 3 4}) 0 0 0 0 0
0 100 0 100 50

የገባው ገንዘብ 350 ብር ነው፤ ዝርዝሩ ሲደመር ግን 250 ብር ነው። ምንም የስሕተት መልእክት አልወጣም፤ ቋንቋውም አልተሳሳተም። እኔ በልቤ ያሰብኩት «በቦታው ላይ ጨምር» ነበር፤ የጻፍኩት ግን «በቦታው ላይ አስቀምጥ» ነው። ሁለት 100 በአንድ ቦታ ላይ ሲቀመጡ የሚቀረው አንድ 100 ነው። የቀድሞውን ሒሳብ መርጦ፣ ክፍያውን ደምሮ፣ መልሶ ማስቀመጥም አያድንም፤ ቦታ 3 ሁለት ጊዜ ሲመረጥ ሁለቱም ጊዜ የሚወጣው ያው የቀድሞው ሒሳብ ነውና እያንዳንዱ ድምር ስለ ሌላው ሳያውቅ ይመለሳል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሠራ ሁለተኛው ደረሰኝ የመጀመሪያውን አያየውም።

በዚህ ነጥብ ላይ ቋንቋዎቹ መንገዳቸው ይለያያል። አርተር ዊትኒ የሠራው ኬ የተባለው የአሬይ ቋንቋ የማረሚያ ሥራውን ከነፈንክሽኑ ይቀበልና በቦታዎቹ ዝርዝር ላይ አንድ በአንድ እየሄደ ይሠራል፤ ስለዚህ «ደምር» ቢባል ሁለቱ ደረሰኞች ይደመራሉ። በፓይዘን ላይ ለአሬይ ሥራ በሚጨመረው ነምፓይ በተባለው የፈንክሽኖች ስብስብ የተለመደው የመደመር አጻጻፍ ድግግሞሹን ይውጠዋል፤ የሚደምር ሌላ ፈንክሽን ግን ለብቻው አለው። በጄ የምጠቀመው መንገድ ከመተካት በፊት ድግግሞሹን ማጥፋት ነው።

3 1 3 4 +//. 100 100 100 50
200 100 50

ይህ መስመር በግራ ያሉትን ቁጥሮች እንደ መለያ ወስዶ አንድ መለያ ያላቸውን ክፍያዎች አንድ ላይ ይደምራል፤ ውጤቱ ለ3፣ ለ1 እና ለ4 በተራ ነው። አሁን እያንዳንዱ ቦታ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚጠራ መተካቱ ያለ ክርክር ይፈጸማል።

200 100 50 (3 1 4}) 0 0 0 0 0
0 100 0 200 50

ድምሩ 350 ሆነ። የኬ መንገድ አጭር እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ግን የጄን እመርጣለሁ። ኬ ድምሩን በማረሙ ውስጥ ይሠራዋል፤ በጄ ግን መደመሩ በአንድ መስመር፣ ማስቀመጡ በሌላ መስመር ተለይተው ስለሚታዩ፣ መዝገብ የሚመረምር ሰው 200 ከየት እንደመጣ መከተል ይችላል።

ያን የጎደለ 100 ብር ያገኙት አዛውንቱ ነበሩ። በየወሩ ያሳተምኩትን ዝርዝር ወስደው በመነጽራቸው እያነበቡ ከደረሰኝ ጉርዱ ጋር ያመሳክሩ ነበር፤ አባሉ ሁለት ጊዜ እንደከፈሉ ያስታውሱ ስለነበር ቁጥሩ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «ይኼ ጎድሏል» አሉኝ። አርሜ በሳምንቱ ሳመጣላቸው የታረመውን ብቻ አላመጣሁም። የቀድሞውን ረድፍ ከላይ፣ የታረመውን ከሥሩ፣ የታረመበትን ቦታ የሚያሳየውን የ0 እና የ1 ረድፍ ደግሞ ከሁሉም በታች አድርጌ በአንድ ወረቀት አተምኩት። ከላይ እስከ ታች አነበቡና 1 ካለበት ቁጥር አጠገብ እንድፈርም እስክሪብቶአቸውን አቀበሉኝ።